ማስረጃ የሌለው ወታደር

የሰውዬው የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። የኔም መንጃ ፈቃድ ላይ ጃንዋሪ 1 ይላል። እዚህ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ስደተኛ በቫን የሚያመላልስ ሾፌር ሁሉ ይህን ቀን ያውቀዋል። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ወይም ወረቀቱ መንገድ ላይ የቀረበት ሰው፣ ቅጽ ሲሞላለት ጃንዋሪ 1 ይወለዳል። ሶማሌው፣ የበርማው ካረን፣ ሐበሻው፣ ከእስያ ተራሮች የመጣው ሞንግ። መንትዮች ነን ማለት ነው።

ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው። ሰውዬውን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት አደርሰዋለሁ። ሊነጋጋ ሲል አነሳዋለሁ፣ አራት ሰዓት ያህል ማሽኑ ላይ ቆይቶ ሲወጣ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ስንል ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ስሙን አልጽፍም። በልጅ ልጁ በኩል አስጠይቄው "ስሜን ተወው፣ ሌላውን ጻፍ" ብሎኛል። እኔ "አባባ" ነው የምለው። ትርጉሙን ከነገርኩት ወዲህ ሌላ ሾፌር ሲመጣበት "አባባ በለኝ" እያለ ያስቸግራል አሉ።

እንግሊዝኛችን ያው ነው። የሱም የተሰባበረ፣ የኔም የተሰባበረ። ነገሩ ሲከብድ ለልጅ ልጁ ይደውልና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል። እሷ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንዳንዴ መሀል ላይ ዝም ትላለች። የምትተረጉመውን ነገር እሷም ገና መስማቷ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን የምናወራው ስለ ምግብ ብቻ ነበር። አባባ ሞንግ ነው። ሞንጎች "ሩዝ በላህ?" ብለው ነው ሰላም የሚሉት። ቃሪያ በሙቀጫ እንደሚወቅጡ ሲነግረኝ "እኛም!" አልኩ። "ሐበሻ ነኝ፣ በርበሬ አያስፈራኝም" ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። በማግስቱ ከጓሮው ቃሪያ የወቀጠውን በትንሽ ብልቃጥ አመጣልኝ። ቀይ መብራት ላይ ቀመስኩት። እንባዬ ሲወርድ አይቶ እስኪያስለው ሳቀ።

ባለፈው ግንቦት ግን አንድ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲወጣ አላወቅኩትም። ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ ለብሷል። መለዮ አድርጓል። ልብሱ ተተኩሶ እጥፋቱ ቢላ ይመስላል። ለኩላሊት እጥበት እኮ ነው የሚሄደው።

"ዛሬ ምንድነው?"

"ሜይ 14።" በእኛ ግንቦት 6 መሆኑ ነው። ከእጥበቱ በኋላ የወታደሮቹ መታሰቢያ አለ።

"ቬትናም ነበርክ?"

"ቬትናም ኖ። ላኦስ።" ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና "ሲክሬት" አለኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎ አሁንም ሲናገረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አፍሬ ነው ቤት የገባሁት። ለዜግነት ፈተና የሸመደድኩት ጥያቄ ትዝ አለኝ። "አሜሪካ በ1900ዎቹ ከተዋጋቻቸው ጦርነቶች አንዱን ጥቀስ" ይላል። መልሱ አምስት ነው፦ አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሁለተኛው፣ ኮሪያ፣ ቬትናም፣ የባሕረ ሰላጤው። ላኦስ የለችበትም። አባባ ዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ጦርነት ውስጥ ነው ያደገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላኦስ በቬትናምና በታይላንድ መካከል የተቀረቀረች ተራራማ አገር ናት። ሞንጎች ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና ወርደው የተራራውን አናት የያዙ ገበሬዎች ናቸው። በ1962 (ስለ ላኦስና አሜሪካ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጄኔቫ ላይ አሥራ አራት አገሮች ላኦስ ገለልተኛ ትሁን፣ የውጭ ወታደር ይውጣ ብለው ፈረሙ። ሰሜን ቬትናም አልወጣችም። ወደ ደቡብ ሰውና መሣሪያ የምታሻግርበት የሆ ቺ ሚን መንገድ በላኦስ ነዋ የሚያልፈው! አሜሪካም መተው አልፈለገችም፣ ግን ፈርማለች። ስለዚህ ሥራው ለሲአይኤ ተሰጠ። ሲአይኤ ቀድሞውንም ከ1961 ጀምሮ ቫንግ ፓዎ ከሚባል የሞንግ መኮንን ጋር ተስማምቶ ገበሬዎቹን ያስታጥቅ ነበር። ወታደሩ የሞንግ፣ መሣሪያውና ደመወዙ የአሜሪካ፣ ጦርነቱ ደግሞ የማንም።

ሎንግ ቼንግ የሚባል ሸለቆ ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። በዙሪያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፈረ። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ይውላል፣ ካርታ ላይ ግን ከተማ የለም። ወንዶቹ ወታደር ስለሆኑ እርሻው ጦሙን አደረ። ሩዝ ከአውሮፕላን በድርብ ከረጢት ይወረወር ጀመር። ሩዝ ከሰማይ እንጂ ከመሬት እንደሚበቅል የማያውቁ ልጆች አደጉ ይባላል። አባባን ጠየቅኩት። "እኔ አውቃለሁ፤ ታናናሾቼ አያውቁም" አለኝ።

ከሰማይ የሚወርደው ሩዝ ብቻ አልነበረም። ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ ላኦስ ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለች። 580 ሺህ በረራ ነው። ሲካፈል በየ8 ደቂቃው አንድ አውሮፕላን ሙሉ ቦምብ፣ ሌት ተቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። ይህን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ቫኑ ውስጥ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ከቤቱ እስከ እጥበቱ ቦታ ሦስት ጊዜ ይደርሳል።

አባባ እንዴት ወታደር ሆነ? ታላቅ ወንድሙ ሞተ። ጠመንጃውን እሱ ተረከበ። በቃ። ስንት ዓመትህ ነበር ስለው "አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት" ይላል፤ ጃንዋሪ 1 ነዋ የተወለደው፣ ማን ያውቃል። አንድ ቀን ግን ቫኑ አጠገብ ቆሞ የዊልቼር ማንሻውን እጀታ በመዳፉ ነካ። ከወገቤ ትንሽ ከፍ ይላል። "እዚህ ነበርኩ" አለኝ። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ ስንዝር የማትሞላ ከፍ አደረገ። "ጠመንጃው እዚህ።"

እሱ ብቻ አይደለም። ከ1968 በኋላ አዋቂው አልቆ ብዙ የሞንግ ልጅ እንዲህ ነው የገባው። በውጊያና በስደት ያለቀው ሞንግ ከ30 ሺህ በላይ ነው የሚሉ አሉ። በዚያን ጊዜ ላኦስ ውስጥ የነበረው ሞንግ በሙሉ 300 ሺህ ገደማ ነበር።

በ1971 መጨረሻ ሰሜን ቬትናሞች ሎንግ ቼንግን በረጅም ርቀት መድፍ መደብደብ ጀመሩ። ከሸለቆው በላይ ያለውን ሸንተረር አሜሪካኖቹ ስካይላይን ይሉታል። አባባ እዚያ ነበር። የግራ ባቱ ላይ ሽንቁር አለ፤ ሱሪውን ሰብስቦ አሳይቶኛል። ስለ ውጊያው ግን ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ ብርዱና ስለ አይጡ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ1973 ተኩስ አቁም ተፈረመ፣ አሜሪካኖቹ ሄዱ። በግንቦት 1975 ጄኔራል የሆነውን ቫንግ ፓዎንና ቤተሰቡን፣ መኮንኖቹንም የሚያወጡ ጥቂት አውሮፕላኖች መጡ። የወጣው ሰው 2,500 ያህል ነው። ማረፊያው ላይ የቀረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። ሜይ 14 ጄኔራሉ የወጣበት ቀን ነው። እንግዲህ የሚያከብሩት የትኛውን ነው፣ የወጡበትን ወይስ የቀሩበትን? ጠይቄው ነበር። ልጅ ልጁ ሳትተረጉምልኝ "ይሄን ጥያቄ ቤት ውስጥም አንጠይቅም" አለችኝ።

አባባ የቀረ ነው። ሚስቱና አንዲት ጨቅላ ልጅ ነበሩት። በዚያ ሳምንት ሁሉም ቤት እሳት ይነድ ነበር አለኝ። የሚቃጠለው ወረቀት ነው። መታወቂያ፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ ከአሜሪካኖቹ ጋር የተነሱት ፎቶ። የደንብ ልብሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። አዲሶቹ ገዢዎች፣ ኮምዩኒስቶቹ፣ ወታደር የነበረውን ሰው "ሰማና" ይወስዱታል። ሰማና ትምህርት ነው፣ ሴሚናር። ብዙው ሄዶ አልተመለሰም። የላኦስ ንጉሥ ራሱ በ1977 ተወስዶ እዚያው ቀረ።

"ተሃድሶ!" አልኩ ሳላስበው።

"ዋት?"

"አባቴም ሄዷል። እንደዚያ ዓይነት ትምህርት ቤት።"

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አባቴ የደርግ ወታደር ነበር። በእኛ ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከከረን በእግሩ ከሰላ ገባ። ከብዙ ወራት በኋላ አገሩ ሲመለስ ተሃድሶ ካምፕ ገባ፣ ከዚያ ቤቱ መጣ። እናቴ እሱ ሳይመጣ በፊት ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ በምላጭ ቆርጣዋለች። አስመራ ስቱዲዮ የተነሳው ነው። ከአገጩ በታች የለም። ኮሌታ የለም፣ ትከሻ የለም። ልጅ ሆኜ ፎቶ እንዲህ ነው የሚነሳው መስሎኝ ነበር።

አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ኤም 16? ኤኬ?"

"ኤኬ። ክላሽ።"

"ኮምዩኒስት!" አለና ከት ብሎ ሳቀ። ቀበቶው እስኪይዘው ወደ ፊት ተደፋ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ከሎንግ ቼንግ በኋላ ያለውን በአንድ ቀን አልነገረኝም። ሦስት ዓመት ያህል ፉ ቢያ የሚባለው የላኦስ ትልቁ ተራራ ጫካ ውስጥ ኖሩ። ሥራሥር በሉ። ከዚያ ሊሄዱ ወሰኑ። መሄድ ማለት ሜኮንግ ወንዝን ተሻግሮ ታይላንድ መግባት ነው። ሌሊት ነው የሚሄዱት። ሕፃን ካለቀሰ ወታደር ይሰማል። እናቶቹ ለሕፃናቱ ትንሽ ኦፒየም ይሰጧቸው ነበር፣ እንዲተኙ።

ምን ያህል? ብዬ አልጠየቅኩም። እሱ ራሱ የትንሿን ጣቱን ጥፍር ጫፍ አሳየኝ። ከዚያ ግማሹን በሌላ ጣቱ ሸፈነው። ይህን ያህል ነው ትክክለኛው። ጨለማ ነው፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ አበዛችው።

ስልኩ በዚያን ቀን አልተደወለም። ልጅ ልጁ ይህን ታውቅ እንደሆን አላውቅም ነበርና ከመጻፌ በፊት ጠይቄአታለሁ። ታውቃለች። "ስሟ የኔ ስም ነው" አለችኝ።

ወንዙን ቀርከሃ በብብታቸው አስረው ተሻገሩ፤ እሱና ሚስቱ። ታይላንድ ሎኢ አውራጃ ውስጥ ባን ቪናይ የሚባል ካምፕ ነበር፣ አንድ ሰሞን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያለበት። እዚያ አሜሪካ የሚወስዱትን የሚመርጡ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ወታደር ነበርክ?"

"አዎ።"

"ማስረጃህን።"

አባባ ይህን ሲያወራ እጁን ዘርግቶ ባዶ መዳፉን ያሳየኛል። ነፍሱን ለማትረፍ ያቃጠለው ወረቀት ነው የሚጠየቀው። ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን አሳያቸው። ጠያቂው ጻፈ፣ ምን ብሎ እንደጻፈ ግን አያውቅም። ከዚያም ቢሆን ቶሎ አልሄደም። ጄኔራሉ አንድ ቀን እንመለሳለን ይላል ስለሚባል ብዙው ካምፕ ውስጥ ይጠብቅ ነበር። ሴቶቹ የሸሹበትን መንገድ በጨርቅ ላይ በክር ይጠልፉ ጀመር፤ አውሮፕላኑን፣ ወንዙን፣ ቀርከሃውን። የሚስቱ ሥራ ዛሬ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አለ። ወንዙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ነው።

በ1987 ክረምት ሚኒሶታ ገባ። ሌሊት ሕንፃ አጸዳ፣ ፋብሪካ ሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አትክልት ሸጠ። ይህን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አልዘረዝረውም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ የገቡ ሞንጎች፣ ጤነኛ ጎልማሳ ወንዶች፣ ተኝተው ሳይነሱ ይቀሩ ነበር። ሐኪሞች ኋላ ላይ ከልብ ምት መዛባት ጋር አያይዘውታል። ሽማግሌዎቹ ግን ሌሊት ደረት ላይ የሚቀመጥ መንፈስ ነው ይላሉ። "ዱካክ!" አልኩት። ቃሉን አስደገመኝ። አሁን ጠዋት ሲገባ ፊቱ ከጠቆረ "ዱካክ፣ ዱካክ" ይለኛል። ወንዙ ላይ ነው የሚይዘው።

የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን በይፋ ያመነው በ1997 ነው። አርሊንግተን በሚባለው የአሜሪካ የወታደር መቃብር ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ቆመ። በ2000 ደግሞ ለነዚህ ወታደሮች የዜግነት ሕግ ወጣ፤ እንግሊዝኛ ሳይጠየቁ፣ በአስተርጓሚ እንዲፈተኑ። ለ45 ሺህ ሰው ነው። ያው ጥያቄ ግን መጣ፦ ማስረጃ። ወረቀት የሌለው አብረውት የዘመቱ ሁለት ሰዎች ቃላቸውን ከሰጡለት ይበቃል ተባለ። አባባ ሁለቱን ሰዎች ፍለጋ ገባ። ስካይላይን ላይ አብረውት ከነበሩት አንዱ ፍሬዝኖ፣ ካሊፎርኒያ ተገኘ። ሌላው ሚልዋኪ። ሚልዋኪው ሰው ስሙን ረስቶታል፤ ሽንቁሩን ግን አስታወሰ። ደሙን በራሱ ሸሚዝ ያሰረለት እሱ ነዋ። ፈረሙለት። እሱም ለሌሎች ፈረመ። ለስንት ሰው ስለው ጣቶቹን ቆጥሮ ሲያልቁበት ተወው።

ከካፒቶሉ፣ ከሚኒሶታ ምክር ቤት ሕንፃ፣ አጠገብ ስናልፍ ቀስ እንድል በእጁ ምልክት ይሰጠኛል። በ2016 የቆመላቸው መታሰቢያ እዚያ ነው፤ የቀርከሃ ቡቃያ ቅርጽ ያለው ነሐስ። አይወርድም። ያየዋል፣ እንሄዳለን።

ሰሞኑን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው። በ2018 የወጣው ሕግ በ2000ው ሕግ ዜጋ የሆኑት ሲሞቱ በአገሪቱ የወታደር መቃብር እንዲቀበሩ ይፈቅዳል። አርሊንግተንን አይጨምርም። ጄኔራሉ ራሱ በ2011 ሲሞት አርሊንግተን አልተፈቀደለትም። ለአባባ የሚቀርበው ፎርት ስኔሊንግ ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ነጫጭ ድንጋይ በሰልፍ የቆመበት ሜዳ። አንድ ቀን ወሰድኩት። ሞንጎች መቃብር ተራራን ተደግፎ ቢሆን ይወዳሉ። ዙሪያውን አየ።

"ተራራ የለም" አለ። አንድ አውሮፕላን አናታችን ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። "አውሮፕላን ግን ብዙ ነው።"

ሲመለስ መኪና ውስጥ የቀብራቸውን ሥርዓት ነገረኝ። ቀናት ይፈጃል። ኬንግ የሚባል ስድስት የቀርከሃ ቱቦ ያለው መሣሪያ ይነፋል። ለነፍሱ መንገድ ይነገራታል፤ የኖረችባቸውን ቦታዎች ሁሉ በየተራ እየጠሩ ወደ ኋላ ይመልሷታል። ከሴንት ፖል ወደ ባን ቪናይ። ከባን ቪናይ ወንዙን ተሻግራ ወደ ፉ ቢያ። ከዚያ ሎንግ ቼንግ። ከዚያ የተወለደበት ቤት። ወንድ ልጅ ሲወለድ የእንግዴ ልጁ ከቤቱ ምሰሶ ሥር ይቀበራል። ነፍስ ሄዳ እሱን እንደ ልብስ ለብሳ ነው ወደ አያቶቿ የምትሄደው።

እትብቴ የተቀበረበት የምንለው ነው። እኛ ለዘፈንና ለናፍቆት ነው የምንጠራው። እነሱ አድራሻውን በትክክል ማወቅ አለባቸው።

አባባ አድራሻውን ያውቃል። ቤቱ ግን የለም፣ ምሰሶው የለም። መንደሩ ተደብድቧል፤ ያልፈነዱት ትናንሽ ቦምቦች ዛሬም ገበሬ ይገድላሉ። "ነፍስ ትረግጠዋለች?" አልኩት፣ ቀልድም ቁም ነገርም አድርጌ። ስልኩን አንስቶ ለልጅ ልጁ ደወለ። ብዙ ተናገረ። እሷ አሳጥራ "ቦምቡን አይደለም የሚፈራው። ወንዙን ነው። በመመለሻው መሻገር አለበት፣ ልጅቷ እዚያ ናት" አለችኝ።

ባለፈው ዓርብ የአባቴን ፎቶ አሳየሁት። ስልኬ ላይ ነው ያለኝ፣ ታናሽ እህቴ አንስታ የላከችልኝ። መነጽሩን አድርጎ አየው። ፊቱን አይደለም ያየው። የተቆረጠውን ጠርዝ ነው፣ በጣቱ ተከተለው፤ ትከሻው ይሆናል ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ማዕረጉ?"

አላውቅም አልኩት። እውነት ነው። አርባ ዓመት አልፎኝ የአባቴን ማዕረግ አላውቅም። አባባ ስልኩን መለሰልኝና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ማታውኑ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እዚያ ጠዋት ነው። አባቴ የስልክ ሰው አይደለም፤ ሰላም ሰላም ብሎ ለእናቴ ሊሰጥ ሲል "አባዬ፣ ማዕረግህ ምን ነበር?" አልኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"ማነው የጠየቀህ?"

"አንድ ሰውዬ። እዚህ የማመላልሰው። ወታደር ነበር።"

"ሃምሳ አለቃ" አለ። ቀጥሎ ክፍለ ጦሩን ተናገረ፣ ብርጌዱን፣ ሻለቃውን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በአንድ ትንፋሽ። እናቴ ከኋላ "ለማን ነው?" ስትል ይሰማኛል።

"ሰውዬው የማን ወታደር ነበር?" አለኝ።

"የአሜሪካ።"

"የት ግንባር?"

"ላኦስ።"

ትንሽ አሰበ። "አሜሪካ እዚያ ተዋግታለች እንዴ?"